የእማማ ሸጌ ልጅ

ቢሆነኝ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ግማሽ ዕድሜውን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለእንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ባልቴት ነበር። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ስቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ መጥቶ ሲሄድ፣ ሌላው ደግሞ በእግሩ ሲተካ፣ የውጭ አገር እንግዳ ከከተማው ጠፋ። አስጎብኚ ያለ እንግዳ ምን ይሠራል? ጠዋት ይወጣል፣ የተዘጉትን ሆቴሎች አንድ በአንድ እያየ ይዞራል፣ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ «ሥራ አለ?» ይለዋል። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን ደግነትም ያማል። እየቆየ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረ፤ ከዚያም ጭራሹን መውጣት ተወ።

በዚያ ሰሞን ነው ስልኩ ላይ አንድ ጨዋታ የጫነው። ጨዋታው ውስጥ ሰፊ አገር አለ፤ ከየትም የሚገቡ ሰዎች መንደር መሥርተው ይኖሩበታል። ከመንደሮቹ አንዱን ያቀኑት አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሰባት በር ይሉታል። አንዱ ከሪያድ ይሆናል፣ አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከየት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሰባት በር ጥብቅ ደንብ ነበረውና ማንም ማንንም አይጠይቅም። እዚያ የገባ ሰው የመረጠውን ሰው ሆኖ ይኖራል። አንጥረኛ ነኝ ካልክ አንጥረኛ ነህ፤ እንደ አንጥረኛ ትጽፋለህ፣ እንደ አንጥረኛ ትቆጣለህ። የውጪውን ኑሮህንና የውጪውን ስምህን በር ላይ ጥለህ ትገባለህ።

ቢሆነኝ ጎራዴ የታጠቀ ጎረምሳ መሆን ይችል ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ያንን ነው። እሱ ግን ሲያስበው፣ ባልቴትን «ሥራ አለ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ባልቴት ቁጭ ብላ ብትውል ማንም ከንፈሩን አይመጥላትም። እንዲያውም ምክር ይጠይቋታል፣ ምርቃት ይለምኗታል። ስለዚህ ወንዝ መሻገሪያው ላይ መንገደኛ የምታሳድር እማማ ሸጌን ሆነ። «ወገቤን» እያለ ይጽፍ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላው አንድ ወታደር ትዳር ሊመሠርት አስቦ ሊያማክራት መጣ፤ ሁለት ገበሬዎች በድንበር ተጣልተው መጡ። በገዛ ሰፈሩ ስለ ምንም ነገር ሐሳቡን የማይጠየቀው ሰውዬ፣ ሰባት በር ውስጥ እሱ ሳይጠየቅ ሰው አያገባም፣ ሰው አይታረቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የቀመሰ ሰው ስልኩን ለምን አያስቀምጥም ብሎ መገረም አያስፈልግም።

አረጋ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አረጋ ግመል የሚነዳ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ማለትም አንድ የማይታወቅ ሰው እንደዚያ ሆኖ ይጫወት ነበር። ሽፍቶች አቁስለውት እማማ ሸጌ ደጅ ላይ ወደቀና «እማማ፣ የውኃ ጥም ገደለኝ» ብሎ ጻፈ።

«ግባ ልጄ» ብሎ መለሰለት ቢሆነኝ።

እነዚያ ሁለት ቃላት ሁሉን ነገር ወሰኑት። ቁስሉ እስኪድን ቆየ፤ ሲድን መሄዱን ሄደ፤ ግን ተመለሰ። ሁለተኛ ሲመጣ «እናቴ» አላት፤ ያ ስያሜ ሦስት ዓመት ዘለቀ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ መብራትና ኔትወርክ ካልከለከለ በቀር፣ አረጋ ከመንገድ ይገባል፤ ያየውን ይተርካል፤ አብዛኛው ውሸት ነው፣ ግን የሚያስቅ ውሸት። ሲሄድ ደግሞ «መርቂኝ» ይላል። ቢሆነኝም «ሂድ ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ የወጣህበት በር በሰላም ይመልስህ» ብሎ ይጽፋል። ምርቃቱን ከየትም አላመጣውም። የእናቱ የዓይናዲስ ምርቃት ነው፤ ቃል በቃል። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ለእሱ ለራሱ ስትለው ግን «እሺ» ከማለት በቀር ቀና ብሎም አያያትም ነበር።

ባለፉት ጥቂት ወራት አረጋ መንገድ መውጣት ቀነሰ። «እናቴ፣ ዛሬ የትም አልሄድም፤ እዚሁ መደቡ ላይ ልተኛ» ይላል። «ተኛ ልጄ፤ ጋቢ አለበስኩህ፣ እሳቱንም ቆሰቆስኩት» ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል ሳይወጣው የሚውልበት ጊዜ ነበር። ቢሆነኝ ጨዋታ መሰለው። ግሩም አድርጎ የደከመ ሰው ሆነ ብሎ በልቡ አደነቀው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአረጋ ስም አንድ መልእክት ደረሰ። አጻጻፉ የአረጋ አልነበረም። «እናቱን ሆነው ለሚጫወቱት ሰው። ይህን ስልክ ይጠቀም የነበረው ወንድሜ ታሞ ቆይቶ ማክሰኞ አርፏል። እንዲነገርዎት አደራ ስላለኝ ነው። ስልኩን አሁን እዘጋዋለሁ።» ቢሆነኝ መልስ ጻፈ። እንደገና ጻፈ። የአረጋ ስም ደበዘዘ፤ ከዚያም ከዝርዝሩ ውስጥ ጠፋ። ያን ጊዜ ቢሆነኝ አለቀሰ፤ ድምፁን አውጥቶ፣ ግድግዳው እስኪሰማው ድረስ አለቀሰ።

ዓይናዲስ በርግጋ ገባች። «ምነው? ምን ሆንክብኝ?»

«አረጋ ሞተ።»

«የቱ አረጋ?»

ልጄ ሊል አፉ ላይ መጥቶ ነበር። «ጓደኛዬ ነው፤ ሩቅ አገር ያለ» አላት።

ዓይናዲስ ሌላ አልጠየቀችም። ልጇ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ስትሰማ ነው የኖረችው፤ ለካ የሚያስቀው ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሞተበት ሰው ብቻውን አይተውም። ወጥታ ለጎረቤቷ ለፋና ነገረቻት፤ ፋና ደግሞ ለሰፈሩ ነገረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በግቢው ተደረደሩ፤ ንፍሮም መጣ። የእድሩ ዳኛ አያ ደሳለ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡና «ድንኳንስ? ሰው ሞቶበት ዝም ይባላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ቢሆነኝ ድንኳኑን በስንት ልመና አስቀረው።

እውነቱን ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረበት፤ እሱም ያውቀዋል። የሞተው ሰው ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ አገሩን የማላውቅ፣ በጨዋታ ውስጥ የተዋወቅኩት ሰው ነው ማለት ነበረበት። ግን አያ ደሳለ አጠገቡ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። በሌላ በኩል የፋና ባል ትከሻውን አስጠጋ። ያን ቀን ማንም «ሥራ አለ?» አላለውም። ቢሆነኝ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው። ነገ እናገራለሁ አለ። በነጋታውም ሰው መጣ፤ ነገ አለ።

«ወጣት ነበር?» ብላ ጠየቀችው ፋና።

«ወጣት ነበር።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«አወይ! እንዴት ትሆን ይሆን?»

«ክፉኛ ነው የተጎዳችው» አለ ቢሆነኝ። ይህን ሲል አልዋሸም።

ዓይናዲስ ይህን ሰምታ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። የማታውቃትን የሩቅ አገር እናት በዓይነ ሕሊናዋ እያየች «እኔን፣ እኔን እኅቴ» ትል ነበር። ቢሆነኝ አንገቱን ደፋ።

መርዶው ከተሰማ ቅዳሜ ሣልስት ሆነ። የገበያ ቀን ነው፤ ሆኖም ሰው ገበያውን ትቶ መጣ። የቤቱ የነፍስ አባት ለዘመድ ተዝካር ብልባላ ሄደው ስለነበር በእሳቸው ፈንታ አባ ወልደ ሰንበት መጡ። ቢሆነኝን ከዚያ በፊት በቅርብ አያውቁትም። መስቀላቸውን አሳልመው፣ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ እሱን ፈልገው አዩት።

«አይዞህ ልጄ። የሟች ስመ ክርስትና ማን ነው?»

«አረጋ» አለ ቢሆነኝ።

«በዓለም ስሙ አይጸለይለትም» አሉ አባ፣ የከበደው መስሏቸው በቀስታ። «ክርስትና የተነሣበትን ስም ንገረኝና ነፍሱን እናሳስብለት።»

ቢሆነኝ የመጡትን ሰዎች ቀና ብሎ አየ። አላውቀውም ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ይፈርሳል፤ ገበያቸውን ጥለው የመጡት ሰዎች በእፍረት ይነሣሉ፣ እናቱ በሰፈሩ ፊት ትዋረዳለች። ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይደፍረው ነበር። የባሰበት ሌላ ነው። አረጋ ያለ ጸሎት ሊቀር ነው። መደቡ ላይ ተኝቶ፣ ጋቢ አልብሽኝ እያለ በእውነት ሲሞት የነበረው ልጅ፣ ስሙን የሚያውቅለት ሰው በዚህ ግቢ ጠፍቶ ሊቀር ነው። ስም ፈጥሮ ይስጥ? የሌለ ሰው ስም ለጸሎት መስጠትን ፈራ። በእርግጠኝነት የሚያውቀውን፣ ባለቤቱ በሕይወት ያለ ሰው የሆነውን ስም ሰጠ።

«ገብረ ዮሐንስ።»

አባ ወልደ ሰንበት ጸሎቱን ጀመሩ። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ገብረ ዮሐንስ» ሲሉ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ከሴቶቹ መካከል ዓይናዲስ ብቻ ድንገት ራሷን ቀና አደረገች። ከዚያ ሁሉ ሰው ስሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በአርባ ቀኑ አቅፋ ወስዳ ያስጠመቀችው ልጇ የተሰየመበት ስም ነው። አባ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ ሰዎቹም ነፍስ ይማር አሉ። ዓይናዲስ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ሰው ንፍሮውን ቀምሶ፣ እግዜር ያጥናህ ብሎ ተበተነ። አያ ደሳለ ወንበሮቹን አስጭነው ሄዱ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሞክሼህ ነበር?» አለችው። እንዲሆን የፈለገች ይመስላል።

«አይደለም እምዬ።»

«እንግዲያ የራስህን ስም ከሙታን ጋር ለምን አስጠራኸው? ምን መዓት ልታመጣብኝ ነው?»

«የእሱን አላውቀውማ።»

«የክርስትናውን?»

«ምኑንም። አረጋም ስሙ አይደለም። ጨዋታው ውስጥ ነው እንደዚያ የሚባለው። ፊቱን አላየሁትም፣ ድምፁንም ሰምቼው አላውቅም። በጽሑፍ ነው የምንጫወተው። እኔ እናቱን እሆናለሁ፤ እሱ ልጄን ይሆናል።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ሰው አስለቀስክብኝ፣ አዋረድከኝ ትለዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የነገራትን ለመረዳት ጣረች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት።»

«እሱስ ያንተን ስም ያውቀው ነበር?»

«አያውቀውም።»

«እዚያ ጨዋታው ውስጥስ የሚያውቅህ አለ? አንተ ብትሞት፣ እገሌ ሞተ ብሎ የሚያለቅስልህ?»

«እማማ ሸጌ ጠፋች ይላሉ።»

«እዚህስ?» አለች። «እዚህ ከተማ፣ የልብህን የምታጫውተው ሰው አለህ?»

ቢሆነኝ የሚጠራው ስም ፈለገ፤ አንድም አላገኘም።

ዓይናዲስ ሦስት ቀን ስታለቅስለት የቆየችው የማታውቀው የሰው ልጅ ነበር። አሁን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና፣ አጠገቧ በሕይወት ለተቀመጠው ለራሷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።