የአራተኛው ሰው ቦታ

ሰው ሲሞት ቢያንስ ለራሱ ይነገረው እንጂ! ዌንደል ፕሩት እኮ መሞቱን የሰማው ከኛው ልጆች አፍ ነው፤ ያውም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀምጦ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ እንደ ሩፈስ ሁሉንም ደባልቄ አወራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1971 ነው፣ ኢንዲያና ውስጥ፣ በበቆሎ ማሳ መሃል በተገተረ ትንሽ ኮሌጅ። የቬትናም ጦርነት ገና አላለቀም። እኛ ጥቁር ተማሪዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ነጮቹ በየወንድማማቾች ማኅበራቸው ትልልቅ ቤት፣ የራሳቸው ምግብ አብሳይ፣ የራሳቸው ድግስ አላቸው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ካርታ እንጫወታለን።

አንድ ቀን ሩፈስ ካርታውን ወርወር አደረገና፣ «ስሙ፣ ለምን የራሳችንን አናቋቁምም?» አለ። ሩፈስ ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም ነው።

«አንተን ፕሬዚዳንት ልናደርግህ?» አልኩት።

«ሌላማ ማን አለ? አንተ እንደሆንክ ስትናደድ ትንተባተባለህ።»

ዌንደል ሳቀ። ዌንደል የጋሪ ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ ብረት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ብዙ አያወራም፣ ሲያወራ ግን ሆድ ያስይዛል።

የጥቁሮች የሆነ አንድ የቆየ ማኅበር ኢንዲያናፖሊስ ቅርንጫፍ ነበረው። እኛም ጋ ቅርንጫፍ እንክፈት ብለን ጻፍንላቸው፤ እሺ አሉ። የማኅበሩ ወግ ለብቻ መግባት የለም ነው። አብረው የጀመሩት ከአጭር እስከ ረጅም ይሰለፋሉ፣ እያንዳንዱ ቁጥሩን ይይዛል፣ እጁን የፊተኛው ትከሻ ላይ ጭኖ በአንድ እርምጃ ይሄዳል። አንዱ ሲደናቀፍ ሁሉም ይቆማል። የፈተናው ጊዜ ሲያልቅ አብረው ይሻገራሉ፤ መሻገር ማለት አባል መሆን ነው። ሩፈስ አንደኛ፣ ዌንደል አራተኛ፣ እኔ አምስተኛ ሆንን። ያንን ክረምት ሙሉ በበረዶ ላይ የዌንደልን ትከሻ ይዤ ነው የሄድኩት። ትከሻውን ከእናቱ በላይ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም። እግር እየመታን የምንጨፍረውንም እሱ ነው የፈጠረው፤ ዛሬም ድረስ የሚጨፈረው እሱ ነው።

ከዚያ ዌንደልን ኬሚስትሪ ጣለው። ኮሌጁ አባረረው፤ ያን ጊዜ ተማሪ ለውትድርና አይወሰድም ነበርና፣ ተማሪ መሆኑ ሲቀር ወታደር ቤት ወዲያው ጠራው። ልንሻገር ጥቂት ቀርቶን ነበር። የኢንዲያናፖሊስ ሰዎች ቁርጡን ነገሩን፣ ዘንድሮ ካልተሻገራችሁ ቅርንጫፍ የሚባል የለም። ምን እናድርግ? ተሻገርን። ግን የዌንደልን ቦታ አንዘጋም ብለን ተማማልን። በሰልፉ ዕለት ሦስተኛው ከፊቴ ሄደ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ እኔ፣ እጄን አየር ላይ ዘርግቼ። ነጮቹ ተማሪዎች አይተው ተሳሳቁ። ይሳቁ! እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ቅርንጫፉ ቆመ። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ተከራየን፤ ዓርብ ዓርብ ዓሣ ስንጠብስ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣ ነበር። ተመርቄ ቺካጎ አስተማሪ ሆንኩ። አዳዲሶቹ ልጆች በየዓመቱ ያንን ቦታ ክፍት አድርገው እንደሚሰለፉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አይ የኔ ነገር! ክፍት ቦታ ወሬ እንደሚጠራ መች አወቅኩ? መጀመሪያ አራተኛው ቬትናም ሞተ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ሰው አድኖ ሞተ ተባለ። ቢራ ሲከፍቱ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ለሱ መሬት ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

በ1975 መኸር ስልኬ ጮኸ።

«ታድ፣ ኮሌጃችን ተመለስኩ» አለኝ ዌንደል። «መሻገር እፈልጋለሁ።»

«ከነዚህ ጩጬዎች ጋር? ምን ልሁን ብለህ?»

«ከቬትናም ከመጣሁ ጀምሮ ምግብ ብቻዬን ነው የምበላው፣ ታድ» አለ። «ከሰው ጋር መሆን አቅቶኛል። ይሄም ካልሆነልኝ እንጃልኝ።»

መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። የቅርንጫፉ ልጆች ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ዌንደልም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። የጊዜው ፕሬዚዳንት ዴሪክ የሚባል፣ ጢሙን በግድ ያበቀለ ልጅ ነው።

«ታላቅ ወንድም ታዲየስ፣ አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ» አለ፣ «ይሄ ሰውዬ አራተኛው ሊሆን አይችልም። አራተኛው ሞቷል።»

«ማን ገደለው?»

«ቬትናም።»

«ይኸው ተቀምጦ ለውዝ ይበላል እኮ!»

ዌንደል ለውዙን ዋጥ አደረገ። «እንዴት ነው የሞትኩት?» ብሎ ጠየቀ፤ ከልቡ ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

«ሦስት ሰው አድነው... ማለት፣ አድኖ» አለ አንዱ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ መኪና ነበር የምጠግነው። ጉልበቴን የሰበረው የመኪና ማንሻ ክሪክ ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ዴሪክ ግን አልሳቀም። «እሺ፣ እርስዎ ነዎት እንበል። ቢሆንም አልተሻገሩም። ያልተሻገረ ወንድም አይባልም» አለ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ትናንት የተወለድክ! ይሄን ቤት ያ-ያቆመው ማን ሆነና ነው...» እያልኩ ተነሳሁ፣ ተንተባተብኩም።

«ታድ፣ ተቀመጥ» አለኝ ዌንደል። ከዚያ ወደ ዴሪክ ዞሮ፣ «አዲሱ ሰልፍ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

እንግዲህ ተቀበሉት፣ ግን እንደ ማንኛውም ጀማሪ። ጦር ሜዳ የዋለ ሰውዬ ዴሪክን «ታላቅ ወንድም» እያለ ጫማ ሲወለውልለት ከረመ። ሩፈስ በስልክ እየጮኸ ልክሰሳቸው አለ፤ እኔም ዌንደልን ተወው፣ ቦታህን እኔ አስመልስልሃለሁ አልኩት። እሱ ግን ስለ ሰልፉ ልጆች ነው የሚያወራልኝ፤ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን እናቱ እንደናፈቀችው፣ ማን ኬሚስትሪ እንደሚያስጠናው። ምግብስ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሾርባዬን እኮ ከእጄ ነው የሚቀሙኝ» ብሎ ሳቀ።

በጸደይ የመሻገሪያው ዕለት መሥራቾቹ ሁላችንም መጣን። ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ሰልፉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቅ ሲል እንደኛ ጊዜ ፈጣን አልነበረም። ዌንደል መሃል ላይ ነው፤ ጉልበቱ አልታጠፍ እያለው ይጎትታል። ዴሪክ ፍጥነት ጨምሩ እያለ ይጮሃል። ልጆቹ የሰሙት አይመስሉም። ዌንደል ሲቆም ይቆማሉ፣ ሲነሳ ይነሳሉ፣ ከኋላው ያለው ልጅ ትከሻውን እንደያዘ ነው። ሰው ሰለቸው፣ አንዱ አፏጨ፣ አንዳንዱም ጥሎ ሄደ። እነሱ ግን እየቆሙ እየተነሱ ሜዳውን ጨረሱት። ተሻገሩ።

እልል ሲባል እኔም ጮኽኩ። ከዚያ ፎቶ አንሺው መሥራቾች ይምጡ አለ። በየቁጥራችን ቆምን፣ እንደ ወጋችን የዌንደልን ቦታ ክፍት አድርገን። ከቺካጎ ድረስ የመጣሁት ለዚች ነበር።

«ዌንደል! አንተ ሟች! ቦታህ ይኸው፣ ና!» ብዬ ተጣራሁ።

እያነከሰ መጣ። ሁላችንንም ተራ በተራ አቀፈ፣ የሩፈስን ራስ እንደ ድሮው አሸት አሸት አደረገ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ይዞ ቆየ።

«ቦታ አስቀርታችሁልኛል፣ ታድ፤ ይሄን አልረሳውም» አለ። «እነዚህ ግን ቆሙልኝ። ፎቶዬን ከነሱ ጋር ነው የምነሳው።»

ተመልሶ ሄደ። ልጆቹ ገና ሲያዩት ጮኹ፣ አንዱ ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ምን ልበል፣ በጣም ከፋኝ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ» አለ ፎቶ አንሺው፣ «መሃላችሁ ክፍት ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኋላ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋሁና እጄን የሦስተኛው ሰው ትከሻ ላይ ጫንኩ።