የቀትር ዝምታ

ለተብርሃን ከበረሃው ትግል ይዛ የተመለሰችው ንብረት አንድ የጦር ሜዳ መነጽር ብቻ ነበር። ነጻነት ከመጣ ወዲህ የሚሰለል ጠላት ስለጠፋ ፀሐይን ትሰልልበታለች። በየማለዳው አስመራ የምትሠራበት የሬዲዮ ክፍል ጣሪያ ላይ ትወጣና መነጽሩን ወደ ፀሐይ አዙራ ብርሃኑን ነጭ ካርቶን ላይ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ካርቶኑ ላይ የሚታዩትን የፀሐይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በእርሳስ ትከባለች። ነጠብጣቦቹ ሲያብጡና ሲተራመሱ ፀሐይ ልትቆጣ ትችላለች፤ ስትቆጣ ደግሞ የቀን ሬዲዮ ድንገት ዱዳ ይሆናል። ይህን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ካነበበች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

የዚያን ቀን ማለዳ መሃል ላይ ያለውን ነጠብጣብ ከትናንቱ እጥፍ ሆኖ አገኘችው። ወርዳ በበረሃም አለቃዋ ለነበረው ለተኽለ ነገረችው።

«ትናንትም እንዲሁ ብለሽ ነበር» አላት እየሳቀ። «ሬዲዮው ግን እንደ ወፍ ሲዘምር ዋለ።»

«ተሳስቼ ነበር። ዛሬም ልሳሳት እችላለሁ። ቢሆንም ጀልባዋ ላይ ላለው ለሃብቶም እንንገረው፤ ድምፃችን ከጠፋበት ዝም አይበል፣ ወደ ላይኛው ሞገድ ይውጣ። ፀሐይ ቀድማ የምትውጠው የታችኛውን ነው።»

«ኣይፋልን፣ አይሆንም! ሬዲዮ ከጠፋ ጠላት አፍኖታል ማለት ነው። ወደ ታችኛው ሞገድ ወርደሽ ዝም ትያለሽ። ሕጉ ይኸው ነው።»

«የትኛው ጠላት ነው አሁን ያለው?»

ተኽለ ፊቱን ወደ ሬዲዮው መለሰ። በዚያው ሕግ ነበር በትግሉ ዘመን በሳህል አንድ ቀትር ላይ ሬዲዮው ድንገት ሲጠፋ «ዝም በሉ» ብሎ ያዘዘው። ከተራራው ማዶ የነበረው የለተብርሃን ወንድም ዓንደማርያም «አፈግፍጉ» የሚለው ቃል ሳይደርሰው ተሰዋ።

ሃብቶም ደግሞ አሁን ከዳህላክ ደሴቶች በሽተኞች ጭና ወደ ምፅዋ በምትመጣው የእንጨት ጀልባ፣ በሳምቡኳ ላይ ሬዲዮ ይዟል። የወደቡ ሬዲዮ ገና ስላልተጠገነ የባሕሩን ወሬ የሚነግሩት እነ ተኽለ ከአስመራ ሆነው ነው። እሱም የበረሃ ልጅ ስለሆነ ሕጉን ያውቃል። ለተብርሃን ተኽለ ሻሂ ሊጠጣ እስኪወጣ ጠበቀችና መነጋገሪያውን አንስታ ያሰበችውን ለሃብቶም ነገረችው። የመጣው ይምጣ ብላ ቆርጣ ነበር።

ቀትር ላይ ከወደቡ ስልክ ተደወለ። ባሕሩ ላይ ብርቱ ነፋስ ተነስቷልና ሳምቡኳ አሁኑኑ ደሴት ጥግ ትጠለል ተባለ። ተኽለ ጠራ፤ ደግሞ ጠራ። ሽሽ የሚለው የወትሮው ድምፅ እንኳ የለም፣ ሬዲዮው ጭር ብሏል። እጁ ሳያዘው ወደ ታችኛው ሞገድ ሄደ።

ለተብርሃን እጁን ያዘችው። «ወደ ላይ! ከፈለግህ ኋላ ትቀጣኛለህ።»

የሞገድ ማዞሪያውን ራሷ አዞረችው። አንዱ ሞገድ ላይ ምንም የለም። ከዚያ በላይ ወጣች፤ እዚያም ምንም የለም። እጇ አላቆመም። በመጨረሻው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«የት ጠፋችሁ? እንዳልሽኝ ወደ ላይ ወጥቼ እየጠበቅኩ ነው።»

«ሃብቶም፣ ነፋስ መጥቷል! ደሴቱ ጥግ ተጠለሉ!»

«እወ፣ ሰምቻለሁ። እየዞርን ነው።»

ተኽለ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «እንዳልሽኝ» የሚለውን ቃል ሰምቶታል፣ ግን አልተቆጣም። አንገቱን ሳያቀና ጠየቃት።

«ያን ቀንም… የዓንደማርያም ቀን… ሬዲዮውን ያጠፋችው ፀሐይ ነበረች?»

ለተብርሃን ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ጥያቄ ጣሪያው ላይ በወጣች ቁጥር ራሷን ትጠይቀዋለች።

«አላውቅም» አለችው። «ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።»