የመንገዱ መሃል መስመር

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምትጨነቅ እናት ናት። የመንገድ ክልል ሊለካ ነው፣ ክልሉ ውስጥ የገባ ቤት ይፈርሳል ሲባል ከሰማች ጀምሮ፣ ደንቡን አስመጥታ የቃላት ትርጓሜ ያለበትን ገጽ ሳምንት ሙሉ ስታነብ ከረመች። ልጇ «እማዬ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?» እያለች ትስቅባታለች።

ቀያሹ መጣና ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምሮ ሜትሩን ዘረጋ። ለመንገዱ የሚተወው አምስት ሜትር ማድ ቤቷ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ አለቀ።

«ይሄ ይፈርሳል፣ እናቴ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

የደንቡን ገጽ ዘረጋችለት። «ወንድሜ፣ ደንባችሁ ከመንገዱ መሃል መስመር ወደ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር ነው የሚለው። አንተ የጀመርከው ከጠርዙ ነው።»

ቀያሹ ገጹን አየና ራሱን አከከ። «ልክ ነዎት። በዚህ ሁሉ መኪና መሃል ማን ቆሞ ይለካል ብለን ነው ከዳር የምንጀምረው።»

«እኔ እቆማለሁ።»

አስፋልት ሲሻገሩ የልጇን እጅ እስኪያማት የምትጨብጠው ሴት፣ ቀይ የልብስ ሳፋዋን ከፍ አድርጋ መንገዱ መሃል ገባች። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን አንባረቀባት።

«ጠብቅ፣ ቤት እየለካን ነው» አለችው። ቆመ፤ ከኋላው ያሉትም ቆሙ።

ቀያሹ ከእግሯ ሥር ጀምሮ ለካ። አምስት ሜትሩ አጥሯ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀረው አለቀ፤ የወሰን ችካሉም እዚያው ተመታ።

«እማዬ፣ በቃ ውጪ፣ ይገጩሻል» አለች ልጇ ከበሩ ላይ።

«ቆይ» አለች ሳፋውን ሳታወርድ፣ «የጎረቤቶቻችንም ይለካ።»