ከታች የመጣው ቅጠል

ሽቱ በርሜሉ ውስጥ ገብታ ቅጠሉን በእግሯ እየረገጠች ስትጠቀጥቅ ስልኳ ጮኸ። አንስታ አዳመጠች። "እሺ፣ እሺ፣ ደስ ይለናል!" አለች። ስልኩን ዘግታ ግን ከበርሜሉ ዘላ ወረደች።

ሽቱ ስሟ አይደለም። ከቅጠል ዘይት እያወጣች መሸጥ ከጀመረች ዐሥር ዓመት ስለሆናት ሠፈሩ ያወጣላት ነው፤ እሷም ትኮራበታለች።

"ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ መሰልሽ እኮ" አሏት አጎቷ፣ ከበርሜሉ ሥር እንጨት እየደረደሩ።

"የገዢዎቹ ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ናት፣ ጋሼ። ተራራው ላይ ወጥቼ ቅጠሉ ሲታጨድ ልይ ብላለች።"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ!"

አጎቷ እንጨቱን እንደያዙ ቀሩ።

በመጀመሪያው ዓመት ውሸት አልነበረም። ጠርሙሱ ላይ "አገር በቀል፣ ከተራራ የተለቀመ" ተብሎ ሲጻፍ፣ በእርግጥ ከተራራ ተለቅሞ ነበር። ኋላ ትእዛዙ ሦስት እጥፍ ሆነ። የተራራው ቅጠል ደግሞ ትንሽ ነው፤ አንድ በርሜል ሙሉ ተቀቅሎ የሚሰጠው ዘይት አንድ ስሪንጅ አይሞላም። ስለዚህ የወንድሟ ሚስት ወንዝ ዳር የምታለማውን፣ ዘሩ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሰፊ ቅጠል ትቀላቅል ጀመር። መጀመሪያ እፍኝ፣ ከዚያ ጆንያ። ዘንድሮ በርሜሉ ውስጥ የተራራ የሚባል ቅጠል አልገባም። ጽሑፉን ግን አልነካችውም። ገዢዎቹ የሚፈልጉት ጽሑፉን ነዋ! እሱ ከቀረ ትእዛዙ ይቀራል፤ ትእዛዙ ከቀረ ቅጠል የሚለቅሙት ስድስት ሴቶች ነገ ቤታቸው ናቸው።

"ገደሉ ጥግ አንድ መደብ የምታህል ቀርታለች" አሉ አጎቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚያ ውሰጃት። ፊቷ አንድ ጆንያ አጭዳለሁ፤ ፎቶዋን አንስታ ትሄድልሻለች።"

"አበባ ላይ ነው እኮ! ዘሩ ሳይረግፍ ከታጨደ ምን ሊበቅል ነው? እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?"

"እኔ ሳስተምርሽ ዋሾ አልነበርሽማ" አሉና ማጭዳቸውን አነሱ።

ሽቱ ሸራ ፍለጋ ሮጠች።

መኪናው ደጅ ሲቆም ሽቱ የተከመረውን ሰፊ ቅጠል በሸራ ሸፈነችው። የሸራው ጫፍ ሁለት ጊዜ አመለጣት። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ የዋህ፣ አፍንጫዋ ግን የዋህ አልነበረም። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

"ዘንድሮ ጠንከር አላለም? ካምፎር ካምፎር ይላል፣ እንደ ጉንፋን ቅባት።"

"ዝናቡ ነው" አለች ሽቱ።

"ዝናብ እንዲህ ያደርጋል?"

"የእኛ ዝናብ ጉደኛ ነው" አሉ አጎቷ።

ተቆጣጣሪዋ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ሽቱ አንገቷን ብታሰግግም ማንበብ አልቻለችም።

"ለማንኛውም ደንበኞቻችን ወደውታል" አለች ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ። "ተራራውን ካየሁ በኋላ የከርሞውን ትእዛዝ እጥፍ እናደርገዋለን። ተራራው ይችላል አይደል?"

"እንዴታ!" አሉ አጎቷ።

እጥፍ። ሽቱ ገደሉ ጥግ የቀረችውን መደብ አሰበች። ዛሬ ለፎቶ አንድ ጆንያ። ከርሞስ? ከርሞ ይህቺው ልጅ ስትመጣ ምን ሊያጭዱላት ነው? ዛሬ ብትድን እንኳ ዓመቱን ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር እንዲህ ልትርድ ነው።

ሦስቱም ወጡ። አጎቷ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቀደሙ። መንገዱ ወደ ተራራውና ወደ ወንዙ የሚከፈልበት ጋ ሲደርሱ አጎቷ ወደ ላይኛው ታጠፉ፤ ተቆጣጣሪዋም ተከተለቻቸው። ሽቱ ቆመች።

"ነይ እንጂ!" አሉ አጎቷ፤ ዓይናቸው ግን ይለምናት ነበር።

"ይመለሱ ጋሼ።"

"አብደሻል?"

ተቆጣጣሪዋ ዞር አለች። "ተራራው በዚህ በኩል አይደል እንዴ?"

"ተራራውማ በዚያ ነው" አለች ሽቱ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። "እርስዎ ያሸተቱት ቅጠል ግን ከታች ነው የመጣው።"

የማንንም ፊት ሳታይ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ያዘች።