ዕቃ ሲወድቅ

የሰደበው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቅዳሜ ቀን ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ባትላሜራው ጋራዡ ውስጥ የተጨራመተ የታክሲ ኮፈን በመዶሻ ሲያቃና፣ ቀለም ቀቢው ሬዲዮውን ከፍ አደረገና «ዝም በሉ እስቲ! የዚህ ሰውዬ ወንድም እያወራ ነው!» አለ። ሁሉም ሥራውን አቆመ። ጋዜጠኛዋ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው የወንድሙ ዘፈን ትጠይቃለች፤ መሀሉ ላይ እንደ ደወል የሚያስተጋባው ድምፅ ከየት እንደመጣ። ወንድሙ ሳቅ አለ።

«እሱማ ዕቃ ሲወድቅ ነው።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ባትላሜራው ግን ዘፈኑ ከወጣበት ቀን ጀምሮ «ያ የእኔ መዶሻ ነው» እያለ ሲያወራ ከርሟል። ለቀለም ቀቢው ነግሯል፣ ለኤሌትሪሻኑ ነግሯል፣ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ ሰው ሳይቀር ነግሯል። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ውሸታም ሆኖ ቀረ። ስሙንም ቀየሩት። ዕቃው ና፣ ዕቃው ሂድ፣ ዕቃው መፍቻ አቀብለኝ። እሱም ወንድሙን ማነጋገር ተወ። ሰርግ ላይ ቢገናኙ በአገጩ ሰላም ይለዋል፣ አለቀ።

አሁን ወንድሙ ሞቷል። ሐዘን የተቀመጡት እህታቸው ቤት ነው። ባትላሜራው ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች መሀል፣ በር አጠገብ ሆኖ፣ የገባ ሁሉ ሟቹን ሲያወድስ ይሰማል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይሄ ሐዘን ሳይበተን አንድ ሰው፣ ለመድኃኒት እንኳን አንድ ሰው፣ ያ መዶሻ የእሱ እንደሆነ እንዲናገርለት።

እህቱ ፔርሙሷን ይዛ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ፊትህን ትንሽ ፍታው። ሰው እያየህ ነው።»

«ሐዘንተኛ ነኝ እኮ፣ እትዬ። ልሳቅ?»

«ይሄ የሐዘን ፊት አይደለም። የተጣላ ሰው ፊት ነው።»

«ታዲያ ተጣልተን አይደል የሞተው?»

ቡናውን ቀዳችለትና ስኳር ሳትጨምርለት ሄደች።

የጋራዡ ባለቤት ሠራተኞቹን አስከትሎ ገባ። እጁን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ፣ ዕቃ…» አለና ዋጠው፤ ግን ግማሹ ወጥቷል። ቀለም ቀቢው ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቁን ሳል አስመሰለው።

ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ዘፈን ላይ አረፈ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ «ያ የትምህርት ቤት ደወል ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስደውለው የኖርኩትን ደወል አጣዋለሁ?»

«የለም፣ የባቡር ሐዲድ ነው» አለ የእህቱ ባል። «ሐዲድ ሲመታ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ኧረ ምን ያከራክራችኋል!» አለ የጋራዡ ባለቤት። «ዕቃ ሲወድቅ ነው ብሎ ራሱ ተናግሮ የለ!» ከት ብሎ ሳቀና የት እንዳለ ትዝ ሲለው መሐረቡን አፉ ላይ ጠቀጠቀ።

ሁሉም ባትላሜራውን አዩት። እሱ ጉልበቱ ላይ የተጋደሙትን እጆቹን አየ። የመቱት እነዚህ ናቸው፣ ሌላ እጅ የለም። ተነሥቶ ቢጮህባቸው ደስ ባለው። ነገር ግን የነበረው ምስክር አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ቀብረውት መጥተዋል።

መዶሻው የተቀረጸበት ቀን ጋራዡ ዝግ ነበር። እሑድ ነው። ባትላሜራው ለሰኞ የቀጠረው የሰው መኪና ስለነበረ ብቻውን ይቀጠቅጣል። ወንድሙ አንድ ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ መጣ። «ሳምፕለር ይባላል፣ ጋሼ» አለው። ከተዘጋ ጭፈራ ቤት በርካሽ ያገኘው፣ ስንቱ እንደተጫወተበት የማይታወቅ፣ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት አሮጌ ሣጥን ነው። ድምፅ ቀርጾ ጎማ ቁልፎቹ ላይ ያስቀምጣል፤ ቁልፉን በጣት ሲመቱት ያንኑ ድምፅ መልሶ ይጮኸዋል። ሲያሻህ ታቀጥነዋለህ፣ ሲያሻህ ታወፍረዋለህ። አንደኛው ማዞሪያ ወልቆ ጠፍቶ ስለነበር፣ ባትላሜራው ከአንዲት የተጣለች መኪና ሬዲዮ ላይ ነቅሎ ገጠመለት።

«ሆዱ ትንሽ ነው» ብሎ አስጠነቀቀው ወንድሙ። «ጥቂት ሰከንድ ይዞ ሞላሁ ይላል። ስለዚህ አንዴ ምታልኝ። አንዴ ብቻ።»

ማይክራፎኑን ዱላ ላይ አስሮ የመኪናው ጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው አጠገብ ደገነው። ባትላሜራው መታ። አንዴ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለዚያ እሑድ የሚያስታውሰው ይሄን ነው፤ ለሰው ሁሉ የተናገረውም ይሄንኑ ነው።

ወንድሙ ሲታመም ሆስፒታልም ሄዶ ነበር። ማንም አይመነው እንጂ ሄዷል። ወንድሙን ተኝቶ አገኘው። ሲነቃ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብሎ ወንበር ስቦ ጠበቀ። ነርሷ መጣች፣ ሄደች፣ ደግማ መጣች። ወንድሙ ዓይኑን አልገለጠም። ይሄንንም ስድብ ብሎ ያዘበት።

«ጋሼ።»

ቀና አለ። ዘፈኑን ከወንድሙ ጋር የሠራችው ድምፃዊት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ነገ ለመታሰቢያው ለሰው እናሰማዋለን ያልነውን ድምፅ ከማሽኑ ላይ ላውጣ ብዬ ነበር። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ መግባት አቃተኝ። እባክዎ አብረን እንግባ።»

የወንድሙ ክፍል እዚያው እህታቸው ጓሮ ናት። አልጋው እንደተዝረከረከ ነው። ድምፃዊቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ገፈፈችው፤ ሣጥኑ ብቅ አለ፣ ያቺ የመኪና ሬዲዮ ማዞሪያም እንደተገጠመች አለች። ያን ሁሉ ዝና አግኝቶ አንዲት ማዞሪያ አልገዛም። ስስታም፣ አለ ባትላሜራው በልቡ።

ድምፁ የተቀመጠበትን ፍሎፒ ዲስክ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ማሽኑ እንደ አሮጌ ወፍጮ አጓራ። አንዱን ቁልፍ መታችው፤ ያ ድምፅ ክፍሏን ሞላትና የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ባትላሜራው ጥርሱን ነከሰ።

«ቆይ ቆይ» አለች፣ ማሽኑ ላይ የሚያበሩትን ፊደሎች እያነበበች። «ከመዶሻ… ከደወሉ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሱ በፊት ሌላ ድምፅ አለ። ድምፁ የሚጀምርበትን ቦታ ወደ ፊት ገፍቶ ደበቀው እንጂ አልሰረዘውም።» ማዞሪያዋን ወደ ኋላ አዞረች። «ጉድ ነው! የማሽኑን ግማሽ ሆድ የበላው ይሄ ነው እኮ! ለአንዲት ትንፋሽ ‹ቁረጪ፣ ቦታ የለም› እያለ መከራችንን ሲያሳየን የኖረ ሰውዬ፣ ማንም የማይሰማው ነገር ምን ይሠራለታል?»

ቁልፉን ደግማ መታችው።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ቀጥሎ እንደ ጭራቅ የወፈረ፣ እየተጎተተ የሚወጣ የወንድ ድምፅ፦

«እመታልሃለሁ። ግን ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ልጅ። ዕቃ ሲወድቅ ነው።»

ከዚያ መዶሻው።

ድምፃዊቷ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን ያዘች። «ዕቃ ሲወድቅ! ለካ ሬዲዮ ላይ ያላት የዚህ ሰውዬ ቃል ናት!»

የባትላሜራው ደም ፊቱ ላይ ወጣ። ቢወፍርም የገዛ ሳሉን ያውቀዋል። «ልጅ» የምትለዋንም ያውቃታል። ሌባ! መዶሻውን ወሰደ፣ ቃሉንም ወሰደ፣ ያንኑ ቃል በሬዲዮ መልሶ ወረወረበት፣ ባትላሜራውም የራሱ መሆኑን ሳያውቅ ተሸክሞት ኖረ። ለቀልድ ነው? ለብድር ነው? ተነሥና ንገረኝ አይለው ነገር። ለማንም ቦታ ያልነበረው ማሽን ለእሱ ስድብ ቦታ ነበረው። ለሳሉ ሳይቀር።

ሳሎን ውስጥ የጋራዡ ባለቤት ተቀምጧል፣ ቀለም ቀቢው አለ፣ አስተማሪው አሉ። ጠርቶ ቁልፏን ቢመታላቸው በቃ፤ መዶሻው የማን እንደነበረ ያውቃሉ። ያን ስም መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነም ያውቃሉ።

ድምፃዊቷ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?»

እጁን ዘረጋ። የመኪና ሬዲዮዋን ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አዞራት፤ ሳሉን አለፈች፣ «ልጅ»ን አለፈች፣ ድሮ ወንድሙ ያቆማት ቦታ ላይ ስትደርስ ለቀቃት። ከዚያ ቁልፏን በአውራ ጣቱ መታ። አንዴ ብቻ።

መዶሻው ጮኾ ሳያበቃ በሩን ከፍቶ ወጣ።