ቧንቧው ሮዝ ሲያፈስ

ጥቅምት ገብቶ ሐይቁ ዳር የቀሩት ሁለት ተጎታች ቤቶች ብቻ ናቸው። አንዱ የቬርና ነው፤ ሌላው የጉንተር፣ እሱም ነገ ጠዋት ይሄዳል። ቬርና ባሏን ኦርቪልን ሚያዝያ ላይ ከቀበረች ወዲህ እዚህችው ጠባብ ተጎታች ውስጥ ከርማለች። ከተማ ባለው ቤታቸው አንድም ሌሊት አላደረችም። ልጇ ሲጠይቃት «ሐይቁ ይሻለኛል» ትለዋለች። ውሸቷን ነው፤ ያንን ቤት ትፈራዋለች።

ሬዲዮው ግን ዛሬ ማታ ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ይወርዳል አለ። ውሃ ቧንቧ ውስጥ ካደረ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው ውሃውን አፍስሶ፣ በምትኩ ብርድ የማይበግረውን ሮዝ ፈሳሽ በፓምፕ መሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ ግንቦት መጠጣትም መታጠብም የለም። ካላደረገችው ተጎታቿን ታጣለች፤ ካደረገችው ወደዚያ ቤት መግባቷ ነው።

ከምሳ በኋላ ውሃውን አፈሰሰች፤ የፓምፑን ቱቦ ጀሪካን ውስጥ ከትታ አስነሳችው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ጠበቀች። ፓምፑ ያጓራል፣ ጀሪካኑ ይጎድላል፣ ከቧንቧው የሚወጣው ግን አየር ብቻ። ሁለተኛውም ጀሪካን እንደዚያው ተመጥጦ አለቀ።

ጉንተር ባዶ ጀሪካኖቹን አይቶ መጣ።

«ፈሳሹ እንዳይገባበት የውሃ ማሞቂያውን መዝጊያ አዙረሻል?»

ቬርና ዞራ ማሞቂያውን አየችው። እሱ የኦርቪል ሥራ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ! ሁለት ጀሪካን ሙሉ ማሞቂያውን አጠጥተሽዋል እኮ!»

«ጠምቶት ይሆናላ።»

«ቀልጂ አንቺ!»

«እንግዲህ ሌላ እንዳልገዛ ሱቁም ተዘግቷል። ዛሬን ምድጃ ለኩሼ አድራለሁ» አለች። ልቧ ቀለል አለላት። ጉንተር ግን ከራሱ የተረፈ አንድ ጀሪካን ነበረው። አንዳንዱ ደግነት ምስጋና አያስገኝም።

መዝጊያውን አዙሮ ፓምፑ ጋ ቆመ። እሷ ውስጥ ሆና አንድ በአንድ ከፈተች። ወጥ ቤቱ ሮዝ አፈሰሰ፤ ሽንት ቤቱም እንዲሁ። የገላ መታጠቢያው ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት። ይህን አንዱን ብተወው ማን ያውቃል?

«ምን ትጠብቂያለሽ? መጣ?»

ከፈተችው። ሮዙ ሲፈስ እንባዋም አብሮ ወረደ። «መጣ!» ብላ ጮኸች።

ጉንተር እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሊሄድ ሲል፣ «ሻይ አፈላልህ ነበር፣ ውሃ የለኝም» አለችው።

«ቤትሽ ሞልቶልሽ የለ እንዴ?»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። «እባክህ፣ እስከ በሩ ብቻ ተከተለኝ።»

ጉንተር ቀልዱን ተወ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከኋላዋ ነዳ፤ ደጃፏ ላይም ቁልፉን እስክታገኝ የመኪናውን መብራት አበራላት። ገብታ የሳሎኑን መብራት ስታበራ አይቶ ዞረ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያም ጫማዋን ከኦርቪል ጫማ አጠገብ አወለቀች።