የእግር ፍሬን

ይሠራበት የነበረው የሱፍ ማጠቢያ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ባየው ከቤት የሚወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ተቀመጠ። ሚስቱ እናናየሁ ብትቆጣው፣ ብትለምነው፣ ብታኮርፈውም ንቅንቅ አላለም። እሷም በመጨረሻ ልመናውን ተወችው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ፣ እሱን ሳታማክር ሄዳ ስሙን አስመዘገበች።

«ሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ይገኝ» አሏት። «ካረፈደ ሌላ ሰው አለን።»

ስትነግረው ባየው «መንገዱን በምን እዘልቀዋለሁ?» አለ እንጂ እምቢ አላለም። ችግሩ መንገዱ ነው። ቤታቸው ከበሬሳ ወንዝ ወዲህ ነው፣ ሥራው ከወንዙ ማዶ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። የባየው ጉልበት ደግሞ ካመመው ቆይቷል፤ ረጅም መንገድ አይችልም። ያለቻቸው ዕቃ ቤት ውስጥ የተሰቀለች አንዲት አሮጌ ሳይክል ናት። ጎማዋ ወፍራም፣ መቀመጫዋ ሰፊ፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ የተቀለበሰ። ባየው በጉብዝናው ጊዜ እስከ ጫጫ ገበያ ይነዳት ነበር። እጀታዋ ላይ ፍሬን የላትም፤ ፔዳሏን ወደ ኋላ ሲረግጡት ቀጥ ትላለች።

እናናየሁ አሸክማ መናኸሪያው አጠገብ ለሚሠራው ለገብረአብ ወሰደችለት። ገብረአብ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ፣ የደረቀውን የጎማ ካላማዳሪ ለወጠ። ከዚያ ቆም ብሎ ራሱን አከከ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ባለ አንድ ማርሽ ናት። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ዳገት ስትወጣ የጋሽ ባየውን ጉልበት ትጨርሰዋለች።»

«ታዲያ ማርሽ ግጠምላታ!»

«እገጥማለሁ። ግን የኋላ ጎማዋ በሌላ መተካት አለበት፤ ያን ጊዜ የእግር ፍሬኑ አብሮ ይሄዳል። ወደ ኋላ ቢረግጡት ፔዳሉ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይይዝም። ፍሬኑ እጅ ላይ ይሆናል። እባክሽ ንገሪው። ሁለት ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ይልመደው።»

«እሱ እኮ አንተ ሳትወለድ የነዳ ሰው ነው።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው! ሰውየው መለወጡን ቢያውቅም እግሩ አያውቅም።»

«ሰማሁ አልኩህ፤ ጆሮ አለኝ።»

መስማቱንስ ሰምታለች። ባየውን ግን ታውቀዋለች። አንድ ነገር ተለወጠ ከተባለ «በቃ፣ የኔ ሳይክል አይደለችም» ብሎ ተመልሶ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። መጀመሪያ ይያት፣ ይውደዳት፤ እሑድ ከሰዓት ሜዳ ወስጄው እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

ቅዳሜ ሳይክሏ ቤት ስትገባ ባየው ከተቀመጠበት ተነሣ። ማንም ሳይለው።

«አረንጓዴ አልነበረችም እንዴ? ማን ነው ሰማያዊ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ። አረንጓዴው አንተን ምን ጠቀመህ?»

ሳቀ። እናናየሁ ሳቁን ረስታው ነበር። የሳይክሏን መሪ እየዳበሰ፣ «ማርሽ ሁሉ አስገጥመሽባታል! ይሄ ደግሞ የእጅ ፍሬን አይደለም እንዴ? በእግር ለምትቆም ሳይክል ምን ይሠራላታል?» አለ።

አሁን ልትነግረው ይገባ ነበር። ፊቱን አየችው፤ ሦስት ዓመት ያላየችው ፊት ነው።

«ለጥንቃቄ ነው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ሳይክሏ የለችም። ጎረቤቷ ዝናሽ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። «ባልሽ ጎረምሳ ሆነልሽ! እየበረረ ወደ ወንዙ ወረደ።»

እናናየሁ ነጠላዋ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ቁልቁል ሮጠች። ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ግራ እጁን አቅፏል። ሳይክሏ ቦይ ውስጥ ተገልብጣለች።

«ረገጥኩት እኮ፣ እናናየሁ» አለ። «ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። እግሬ ውስጥ ምንም የለም። አልቄያለሁ።»

እሷ ጎንበስ ብላ ሳይክሏን ከቦዩ ጎትታ አወጣች።

ወጌሻው ወልደተንሣኤ እጁን አሽቶ «አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው» ብሎ በጨርቅ ጠቀለለለት። ቤት እንደገቡ ባየው ግድግዳው ሥር ሄዶ ተቀመጠ። «ነገ አልሄድም። እንዲህ ያለ እግር ይዤ ምኑን ዘብ እቆማለሁ?» አለ።

እናናየሁ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ገብረአብም ነገር የሚያመላልስ ሰው አይደለም። ባየው ግን እግሩን እየወቀሰ እዚያው ይቀራል።

«እግርህ አይደለም» አለች። «የእግር ፍሬኑ ወጥቷል። የእጁ ብቻ ነው ያላት። ገብረአብ ንገሪው ብሎኝ ነበር።»

ባየው ቀና አለ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለጥንቃቄ ነው አልሽኝ።»

«አልኩህ።»

«ድልድዩ ላይ ብደርስ ኖሮ ወንዝ ውስጥ ነበርኩ።»

«አዎ።» አላለቀሰችም። «ብነግርህ እምቢ ትል ነበር።»

«እል ነበራ! እግሩ የኔ ነው። እምቢ ማለቱም የኔ ነው።»

ያን ቀን እራት አልበላም።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ጫማውን ሲያስር ሰማችው። የታሰረ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ሸሸገ፤ ዱላውን ያዘ፤ ሳይክሏን ዘወር ብሎ ሳያያት ወጣ። እናናየሁ ተነሣችና ሳይክሏን እየገፋች ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው ተከተለችው።

«ተመለሺ» አለ ሳይዞር።

«አልመለስም።»

ድልድዩን ተሻገሩ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ቆመ። እናናየሁ ደረሰችበት፤ ሳይክሏን አጠገቡ አቁማ መሪዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ዱላውን በብብቱ ይዞ ደህናውን እጁን መቀመጫዋ ላይ አሳርፎ ተደገፈ።

«ዝም በይ» አላት።

«ምንም አላልኩም እኮ።»

«ልትይ ነበር።»

እሷ እየገፋች፣ እሱ እያነከሰ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ባየው እጁን ከሳይክሏ መቀመጫ ላይ አነሣና ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ዓይን ዓይኗን አያት።

«ሁለተኛ በኔ ነገር እኔን ሳትጠይቂ አንዲት ነገር ብታደርጊ...»

ከውስጥ ስሙ ተጠራ። የታሰረ እጁን ካፖርቱ ውስጥ አጥልቆ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። እናናየሁ የቀረውን ቃል እንደምትጠብቅ ሁሉ የሳይክሏን መሪ እንደያዘች እዚያው ቆመች።